ባቄላው ይቅረብ ወይስ ይቅር

ጎተንበርግ፣ ጥር 6

ለሟቹ ወንድማችን ለሙህሲን ባለቤት፣ ለውድ እህቴ ለባድሪያ፣ ለኡም ጋይብ፦

ሰላምታዬ ከዚህ በረዶ ተነሥቶ እስከ ባስራዋ አቡ አልኸሲብ የተምር ጥላ ድረስ ሳይቀዘቅዝ ይድረስሽ። አላህ ጤናሽን ይጠብቅልኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አቡ ሰርመድ ጣፋጭ ደብቆ ይበላል፣ እኔም እያየሁ አላየሁም እላለሁ፤ ትዳራችን በዚህ ጸንቷል።

በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። ስልክ ላይ ግን «እህ» ከማለት በቀር ቃል አይወጣሽም። ወረቀት ላይ ሌላ ሰው ነሽ። ስለዚህ በጽሑፍ ስሚኝ፦ ሰርመድ ሊያገባ ነው። ልጅቷ ሩሱል ትባላለች፤ እዚያው ባስራ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ሠርጉ መጋቢት 28 በአንቺ ግቢ እንዲሆን ልጁ ራሱ ለመነኝ። «በልጅነቴ የሮጥኩበት ግቢ ሌላ የለኝም» አለ።

የምግቡን ነገር ላንቺ ሰጥቻለሁ። እንግዶቹን ልንገርሽ። አጎት ነዒም ጥርስ የላቸውም፤ ይህን ሰው ሲያነሣባቸው ግን ይቆጣሉ። አቡ ሰርመድና ሁለቱ እህቶቹ ስኳር አለባቸው። ከሰርመድ መሥሪያ ቤት ሦስት ስዊድናውያን ይመጣሉ፤ ሥጋ አይበሉም፣ የሥጋ መረቅም አይቀምሱም። ባስራ ውስጥ ሥጋ የማይበላ ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ ነው የሚጠየቀው ብዬ ነገርኳቸው። ሳቁ እንጂ ሐሳባቸውን አልለወጡም።

የሩሱል አያት ሀጂያ ነሽሚያ ደግሞ ከሂላ ከተማ ልከውብኛል፦ «በባቄላ ወራት ያለ ባቄላ ሩዝ የሚደገስ ሠርግ፣ ለቅሶ ነው።» ስለዚህ ባቄላና እንስላል የገባበት ሩዝ ይኖራል። ሰርመድ ባቄላ እንደማይነካ ታውቂያለሽ፤ የእሱ ሳህን ለብቻው ይሁን።

ምን ይመስልሻል? ቶሎ ጻፊልኝ።

እህትሽ ኒዳል፣ ኡም ሰርመድ


አቡ አልኸሲብ፣ ጥር 24

ለውድ እህቴ ለኡም ሰርመድ፦

ሰላምታሽ ሳይቀዘቅዝ ደርሷል። አላህ የሙሽሮቹን ቤት እንግዳ የማይጠፋበት፣ እንጀራ የማያልቅበት ያድርገው። ደብዳቤሽን ለራሴ ሁለት ጊዜ፣ ለዶሮዎቼ አንድ ጊዜ አነበብኩት። እነሱም ደስ ብሏቸዋል፤ የሚታረደው ጠቦት መሆኑን ገና ባልነግራቸውም።

የሰፈሩን ሠርግ ሁሉ የሚያበስለውን ኡስታ ፈርሐንን አስጠራሁት። መጥቶ የግቢውን ግንብ ተደግፎ ቆመ። እንግዶቹን አንድ በአንድ ዘረዘርኩለት። ስዊድናውያኑ ጋ ስደርስ አስቆመኝ።

«ሥጋ አይበሉም? ምን ነክቷቸው?»

«ምንም አልነካቸውም። አንበላም ብለው ነው።»

«ሥጋ የማይበላ ሰው በምን ይቆማል?»

«በእግሩ» አልኩት።

ትንሽ አሰበና «ግድ የለም፣ የወይን ቅጠል በሩዝ እጠቀልልላቸዋለሁ፤ ሥጋ የለበትም» አለ። ቅመሙን አሳየኝ ስለው ከኪሱ አንዲት እሽግ አወጣ። ተቀብዬ አነበብኩለት። «የበሬ ስብ ይላል።»

«እሱማ ለሽታ ነው!»

«ፈርሐን፣ ስብ ነው ይላል።»

«ኡም ጋይብ፣ አንቺ ፊደል ከለየሽ ወዲህ በዚህ ሰፈር ሰው በሰላም ማብሰል አልቻለም» ብሎ እሽጉን ወደ ኪሱ መለሰ። የወይን ቅጠሉ በዘይት፣ በሽንኩርትና በሮማን ጭማቂ እንዲሠራ ተስማማን።

ለአጎት ነዒም ዝበይዲ ዓሣ አጥንቱ ወጥቶ፣ በደረቀ ሎሚ በስሎ፣ በሩዝ ላይ ይቀርባል። ጥርስ አያስፈልገውም፤ ለሳቸው ግን እንዲህ አይባልም፤ «ለክብርዎ ነው» እንላለን። ለሌላው ሰው ሙሉ ጠቦት ሩዝ ላይ ተኝቶ፣ ለውዝና ዘቢብ ተነስንሶበት። ጣፋጩ ስኳር ካለባቸው ሰዎች ይርቃል። የባለቤትሽ እጅ ረጅም መሆኑን ስለማውቅ፣ እንዲርቅ ያልኩት እስከ ጎረቤት ነው።

ሌላውን ኡስታ ፈርሐን ያውቅበታል። እኔ ከኋላ ሆኜ እነግረዋለሁ እንጂ፣ በዚህ ሠርግ ድስት ውስጥ እጄን አላስገባም።

አላህ ያሳምርልን።

ባድሪያ


ጎተንበርግ፣ የካቲት 9

ለውድ እህቴ ለኡም ጋይብ፦

አላህ እጅሽን ይባርከው። ስለ ዓሣው አጥንት፣ ስለ ወይን ቅጠሉ፣ ስለ ዶሮዎችሽ ሳይቀር ጻፍሽልኝ። ስለ ባቄላው ግን አንዲት ቃል የለችም። ልክ እንደ ስልኩ ሆነብኝ። «እጄን አላስገባም» ማለትስ ምን ማለት ነው? ካላንቺ የማን እጅ ሊገባ?

የዚያ ጸደይ ነገር ከሆነ እኔ ላንሣው። ለፓስፖርት ጉዳይ ባግዳድ ስንሄድ ሰርመድን አንቺ ጋ ተውነው፤ አምስት ዓመቱ ነበር። ከጓሮሽ ለጋ ባቄላ ለቅመሽ፣ በቅቤ ሠርተሽ አበላሽው። ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሽንቱ እንደ ሻይ ጠቆረ። ሙህሲን በጀልባ ሆስፒታል አደረሰው፤ የሰው ደም ተሰጥቶት ዳነ። በዚያው ዓመት እኛ ከአገር ወጣን። ሙህሲንም የባቄላውን መደብ ነቅሎ ጣለው፤ አንቺም ከዚያ ወዲህ ከየቆርቆሮው ጽሑፍ ፊደል እየለቀምሽ ማንበብ ጀመርሽ፤ ይህንን የነገረኝ እሱ ነው። ባቄላ ሕፃን ያሳምማል ብሎ ያኔ ማን ያስብ ነበር? ልጁ ዛሬ በር የሚያልፈው ጎንበስ ብሎ ነው።

አሁን ወደ ሠርጉ። ባቄላውን ማስቀረት አንችልም። ሀጂያ ነሽሚያ በየሳምንቱ እያስደወሉ «ሩዙን አትርሱ» ይላሉ። ምክንያቱን፣ የልጁ ደም ባቄላ እንደማይችል፣ እንዳንነግራቸው ደግሞ፣ «የደም ነገር» ሲሰሙ ጋብቻውን ያፈርሱታል። የሳቸውን ዘመን ሰዎች ታውቂያለሽ። ሩሱል ነገሩን ታውቃለች፣ እናቷም ታውቃለች፤ ለአሮጊቷ ግን እስከ ሠርጉ ማግስት ላንናገር ተማምለናል። አንቺም ምለሻል፤ እኔ ማልኩልሽ።

ስዊድናውያኑ አምስት ሆነዋል። አንደኛዋ ወተትና እንቁላልም አትነካም። ለኡስታ ፈርሐን ቀስ ብለሽ ንገሪው፤ ልቡ እንዳይቆም።

ኒዳል


አቡ አልኸሲብ፣ መጋቢት 4

ለውድ እህቴ ለኡም ሰርመድ፦

ሰላም ለቤትሽ፣ ሰላም ለልጅሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። ፖስታ ቤቱን አልወቅስም።

ኡስታ ፈርሐንን አስቀምጬ፣ ውኃ አጠጥቼ ነገርኩት። «ወተትም? እንቁላልም? ታዲያ ይቺ ልጅ ባስራ ድረስ ለምን ትለፋለች?» አለ። «ለሠርጉ» አልኩት። «አየር እንድጠብስላት ነው በይኝ እንጂ» ብሎ ሄደ። በማግስቱ ግን የተጠበሰ ደበርጃን በነጭ ሽንኩርትና በተምር ማር ሠርቶ አመጣልኝ። ጣቴን ላስኩ። ለልጅቷም ለሌላውም ሁሉ ይቀርባል ብያለሁ፤ ስኳር ላለባቸው ብቻ አይብዛ።

ባቄላውን አስቤበታለሁ። ሩዙን የሩሱል አክስቶች ከቦዩ ማዶ በጎረቤቴ በኡም ጀሊል ቤት ይሥሩት። ድስቱም ጭልፋውም ወደዚህ እንዳይሻገር፤ ጭልፋው ላይ ቀይ ክር አስሬበታለሁ። ሲቀርብም በአያቲቱ በኩል ይቀመጣል፤ ከሰርመድ በጣም ይርቃል።

ግን ኒዳል፣ ሳህን መለየት ይቻላል። ጉርሻን ማን ይለያል? የሂላ ሰዎች የሙሽራዋ አያት ሙሽራውን በእጃቸው ሳያጎርሱ ምሳ አይጀምሩም። ከየትኛው ሳህን እንደሚያነሡ ደግሞ አንቺም ታውቂያለሽ። ሰው ሁሉ እያየ እንቢ ቢላቸው ስድብ ነው፣ ቢጎርስ ደግሞ... አንቺ በመካከላቸው ትቀመጫለሽ። ለዚህ መላ የምታውቂ አንቺ ነሽ፤ አፍሽ ፈጣን ነው። እኔ ከዶሮዎቼ ጋር ጓሮ እሆናለሁ።

አንዲት ነገር ብቻ ልበልሽ። ከባግዳድ ስትመለሺ አልጮህሽብኝም። ምነው ጮኸሽብኝ ቢሆን።

ባድሪያ


ጎተንበርግ፣ መጋቢት 17

ለእህቴ ለባድሪያ፦

ይህን አቡ ሰርመድ በእጁ ይዞልሽ ይመጣል። ጽሑፉ የተጣመመው እኔ ስለተጋደምኩ ነው። ለሠርግ ጫማ ልገዛ ወጥቼ በረዶ ላይ ወደቅሁ፤ እግሬ ከጉልበቴ በታች ተሰብሮ ጄሶ ውስጥ ነው። ሐኪሙ «አውሮፕላን የለም» አለ። አለቀስኩ። አቡ ሰርመድ ከሐዘኑ ብዛት አንድ ሙሉ ኬክ ጨረሰ።

አሁን ደህና አድርገሽ አንብቢኝ። ሩሱል ከሠርጉ በፊት ሰርመድም እኔም እንድንመረመር ጠይቃ ነበር። የመረመረችን ሐኪም በወረቀት ላይ ሥላ አሳየችኝ፦ ይህ ነገር ለወንድ ልጅ የሚደርሰው ከእናቱ ደም ነው። ከእናቱ፣ ባድሪያ። እኔ ደሙን ሰጠሁት፣ አንቺ ምሳውን። እስቲ የማንኛችን ይበልጣል? ከባግዳድ የተመለስኩ ዕለት ዝም ያልኩት ተቆጥቼ አልነበረም። ታናሽ ወንድሜ በልጅነቱ፣ በባቄላ ወራት፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነው የሞተው። ሰርመድን አልጋ ላይ ሳየው እሱን ያየሁ መሰለኝና አፌ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ደግሞ መክፈቻው ጠፋኝ። ማን ላይ ልጩህ?

ስለዚህ ለሁለተኛ ጊዜ ልጄን አንቺ ጋ ትቼዋለሁ። በእናት ቦታ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። የእሱንም ምግብ የምትሠሪው አንቺ ነሽ፤ ኡስታ ፈርሐን አይደለም። በዓለም ላይ ባቄላን እንዳንቺ የሚፈራ ሰው የለም፤ ከዚህ የተሻለ ምግብ አብሳይ ከየት አመጣለሁ?

የጉርሻውን መላ አላውቅም። ዶሮዎችሽን አማክሪ።

ኒዳል


አቡ አልኸሲብ፣ ሚያዝያ 2

ለውድ እህቴ ለኒዳል፦

አላህ እግርሽን ከበፊቱ አጠንክሮ ይግጠመው። ልጅሽ ደህና ነው። ይህን ያስቀደምኩት ሌላውን ተረጋግተሽ እንድታነቢ ነው።

በዋዜማው መጡ። ሰርመድ እውነትም ጎንበስ ብሎ ገባ። በቀጥታ ወደ ማብሰያዬ መጥቶ የድስት ክዳን አነሣ፤ እጁን መታሁት። «አክስቴ፣ ድሮም እንዲህ ነበርሽ» ብሎ ሳቀ። ድሮ እንኳ መትቼው አላውቅም፤ ልጁ ግን ያስታወሰኝ እንዲህ ከሆነ ብዬ ተውኩት። የእሱን ሩዝና ሥጋ በትንሿ ድስት ሠራሁለት። ደግሜ ደጋግሜ አጥቤያት ስለነበር ኡስታ ፈርሐን «ኡም ጋይብ፣ ድስቷ ልትቀጥንብሽ ነው» አለኝ።

ምሳው አማረ። ስዊድናውያኑ የወይን ቅጠሉን ጨረሱት። ወተት የማትነካዋ ልጅ የደበርጃኑን አሠራር ብትጠይቅ፣ ኡስታ ፈርሐን «የአያት ቅድመ አያቶቼ ነው» አላት፤ ከየካቲት በፊት እንዳልነበረ እኔ አውቃለሁ። አጎት ነዒም ዓሣውን በልተው ሲያበቁ «ጥርስ ያለው ሰው የዚህን ጣዕም አያገኘውም፤ ያኝከዋል» አሉ። ባልሽ ጎረቤት ድረስ ጣፋጭ ፍለጋ ሄዶ ኡም ጀሊል መልሳዋለች።

እኔ በእናት ቦታ ተቀምጬ ነበር። በቀኜ ሰርመድና ሩሱል፣ ፊት ለፊቴ ሀጂያ ነሽሚያ። አሮጊቷ ትንሽ ናቸው፤ ዓይናቸው ግን ትልቅ ነው። በዋዜማው ሄጄ ላናግራቸው አስቤ ነበር። ሄድኩም። እንደ ስልኩ ሆነብኝና ሰላምታ ሰጥቼ ተመለስኩ።

እጃቸውን ታጠቡ። ቢስሚላህ አሉ። ከዚያ ባቄላ ሩዙን በእጃቸው ጠቅለል አድርገው፣ እንስላሉ ከጣታቸው መካከል እየታየ፣ ወደ ሰርመድ ዘረጉት። ሴቶቹ እልል አሉ። ሰርመድ አየኝ። ሩሱል እጇን ስትዘረጋ አየሁ፤ እኔ ግን ቀደምኋት። የአሮጊቷን አንጓ ያዝኩና ወደ ራሴ ስቤ ጎረስኩት።

እልልታው ቆመ። ዶሮዎቼ ሳይቀሩ አንገታቸውን አስረዘሙ።

«ማነሽ አንቺ?» አሉኝ ሀጂያ ነሽሚያ።

አፌ ሞልቶ ነበር። ዋጥኩና «የሰርመድ እናት ነኝ» አልኳቸው። ድምፄ እንደዚያ ከፍ ብሎ ሰምቼው አላውቅም። «በባስራ ልማድ የእናት ጉርሻ ይቀድማል።»

እንዲህ ያለ ልማድ ባስራ ውስጥ የለም። አሁን ግን አለ፤ ኡስታ ፈርሐን ከምድጃው ጀርባ «እንዴታ፣ ከጥንት ጀምሮ ነው!» ብሎ መሰከረ፤ አጎት ነዒምም ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ባልወልድ «ኡም ጋይብ»፣ «ያልመጣው ልጅ እናት» እያሉ ስም ያወጡልኝ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ እዚያ ነበሩ። አንዲቷም አላስተባበለችም።

«የባስራ ሰው ልማዱ አያልቅም» አሉ አሮጊቷ። «እንግዲያው ሁለተኛውም ያንቺ ነው፤ ጉርሻ አንድ አይሆንም» ብለው ከመጀመሪያው የበለጠ ጠቅልለው አጎረሱኝ። እንባዬ መጣ፤ ትልቅ ስለነበር ነው። ከዚያ እጃቸውን በውኃ አስታጥቤ የሰርመድን ሳህን ገፋ አድርጌ አቀረብኩላቸው። «አሁን እሱን ከዚህ ያጉርሱት፤ እኔ የሠራሁት ነው።» አጎረሱት። በላ። ሲውጥ አየሁት።

ገና አላለቀም። እጃችንን ስንታጠብ አሮጊቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጁ ባቄላ አይስማማውም፣ አይደል?»

መሐላሽን አስቤ ዝም አልኩ።

«ዝም ያለ ሰው ተናገረ ማለት ነው» አሉ። «ሁለቱ ወንድሞቼ አይበሉም ነበር። የመጀመሪያ ልጄም አይበላም።»

«ታዲያ ለምን ባቄላ ካልቀረበ አሉ?»

«ባይቀርብማ ሰው ‹ምን ቢኖርባቸው ነው› ይለናል! የደማችንን ነገር ሰምታችሁ ልጃችንን እንዳትመልሱብን ብዬ ሩሱልንም እንዳትናገር አስምዬያት ነበር።»

ሩሱልን ዞር ብዬ አየኋት። ፊቷን በመሐረብ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሁለቱንም መሐላ ይዛ እነዚህን ወራት ሁሉ ስትስቅብን ከርማለች። «የናንተን ለሳቸው፣ የሳቸውን ለናንተ እንዳልናገር ነበር የማልኩት» አለች። «ለሰርመድ ግን አልማልኩም፤ እሱ ሁሉንም ያውቃል። ጉርሻውም መሬት እንዲወድቅ አድርጌ እጃቸውን ልነካ ነበር፤ አንቺ ቀደምሽኝ።»

በማግስቱ የሙሽራዋ ሰዎች ለሙሽሮቹ ቁርስ ይዘው መጡ፤ ትኩስ ቂጣ፣ የጎሽ ወተት ቅባትና ማር። ሀጂያ ነሽሚያ ትሪውን ራሳቸው ተሸክመው ከበሩ ላይ ተጣሩ፦ «ባቄላ የለበትም!» ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

ባድሪያ


ጎተንበርግ፣ ሚያዝያ 18

ከኡም ሰርመድ ለኡም ሰርመድ፦

ሰላም ለሁለታችን ይሁን። ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ ለጄሶዬ አነበብኩለት። ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ሌላ ነገር ሆንኩ፣ እንደገና ሳቅሁ። ጎረቤቴ ግድግዳ መታች።

አቡ ሰርመድ ሠርጉን ሲተርክልኝ ከጉርሻሽ ይልቅ ስለተከለከለው ጣፋጭ ነው የሚያወራው። አንቺም ሁሉን ጽፈሽ አንዱን አስቀረሽ። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ባቄላ አፍሽ ገባ። ታዲያ ሩዙ እንዴት ነበር?

ኒዳል


አቡ አልኸሲብ፣ ግንቦት 3

ለውድ እህቴ ለኒዳል፦

ለሀጂያ ነሽሚያ እንዳትነግሪብኝ። ጨው ያንሰዋል። እንስላሉም ዘግይቶ ነው የገባው፤ ከሩዙ ጋር አብሮ አልበሰለም።

ከጓሮ፣ ሙህሲን የነቀለው መደብ ባዶውን ነው ያለው። አፈሩን ዛሬ ጠዋት ገለበጥኩት። ሙቀቱ ሲያልፍ፣ በጥቅምት፣ ባቄላ እዘራበታለሁ። እግርሽ ሲድን በጸደይ ነይ፤ ሩዙን እኔ እሠራልሻለሁ። የሰርመድን በትንሿ ድስት።

ኡም ሰርመድ